ችካል ከመተከሉ በፊት

ለሆሳዕና፣ ለዱራሜና ለአካባቢው ከተሞች ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ከሰፈር ዳር ያለ ማሳ ሊሸነሸን ነው የሚል ወሬ ሲሰማ በአንድ ዕድር ውስጥ ሦስት ዓይነት ድምፅ ይነሣል። የቤት ኪራይ ያንገሸገሸው «እሰይ፣ ለእኛም ተራ ሊደርሰን ነው» ይላል። ባለማሳው «እንሰቴስ ምን ሊሆን ነው?» ይላል። ከማሳው በታች ቤት የሠራው ደግሞ «የክረምቱ ጎርፍ በማን ግቢ ሊያልፍ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስቱም እውነት አላቸው። ችግሩ እነዚህ ድምፆች ፕላን አዘጋጁ ጆሮ የሚደርሱት አብዛኛውን ጊዜ ፕላኑ ከጸደቀ፣ ቀያሹ ከወጣና ችካሉ ከተተከለ በኋላ መሆኑ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል አበው።

ዛሬ ስለ አንድ የተለየ ፕሮጀክት አልናገርም። በሆሳዕና ዙሪያ በሌሞ ወረዳ ቀበሌዎች፣ በዱራሜ ዳርቻ፣ በሺንሺቾና በሾኔ ነገሩ ተመሳሳይ መልክ ስላለው ለሁላችንም የሚሆነውን ልናገር። ላሳምናችሁ የምፈልገውም አንድ ነገር ነው፦ የነባር ነዋሪ ሥጋት ለፕላኑ የሚያስፈልግ ዕውቀት ነው፤ ዕውቀት ሆኖ የሚያገለግለው ግን በጊዜው፣ በጽሑፍና ከነማስረጃው ሲቀርብ ብቻ ነው።

ቤቱ ለምን አስፈለገ?

በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሆሳዕና 32 ሺህ የማይሞላ ነዋሪ ነበራት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ቁጥሩ ወደ 70 ሺህ ደረሰ። በ12 ዓመት ከእጥፍ በላይ አደገች ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ባይካሄድም ከተማዋ ማደጓን አላቆመችም። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችንና ሠራተኞችን አመጣ። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ቢሮዎቹ በተለያዩ ከተሞች ቢከፋፈሉም ሆሳዕና የአስተዳደሩ መቀመጫ ሆነች። የመንግሥት ሠራተኛው ከነቤተሰቡ ሲመጣ የሚያድርበት ቤት ይፈልጋል። ቤት ሲያንስ ደግሞ አከራይ ዋጋ ይጨምራል፤ ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ ወር በገባ ቁጥር ተከራዩ ያውቀዋል።

ሌላም ምክንያት አለ። ካለፉት 20 ዓመታት ወዲህ ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል። ከጆሃንስበርግና ከደርባን የሚላከው ገንዘብ እዚህ ሲደርስ ከሁሉ በፊት የሚለወጠው ወደ ቦታና ወደ ቤት ነው። ስለዚህ የመሬቱ ዋጋ በአገር ውስጥ ደመወዝ ብቻ አይተመንም። አስተማሪዋና ነርሷ በራንድ ከሚቆጥር ሰው ጋር በአንድ ገበያ ይጫረታሉ።

በዚያው ልክ ግን መሬቱ አይሰፋም። በ1999 ቆጠራ መሠረት ያኔ የከምባታ ጠምባሮ ዞን ይባል በነበረው አካባቢ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 500 ያህል ሰው ይኖር ነበር፤ በሀዲያ ዞን ደግሞ 340 ያህል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 100 ሄክታር ነው። እንግዲህ በከምባታ 10 ሄክታር ማሳ ለቤት ይሰጥ ሲባል በአማካይ 50 ሰው የሚኖርበትና የሚበላበት መሬት ተሰጠ ማለት ነው። በካርታ ላይ ባዶ መስሎ የሚታየው ቦታ በእኛ አገር ባዶ አይደለም። ቤቱ ያስፈልጋል፤ መሬቱም ባለቤት አለው። ከዚህ እውነት ተነሥተን ወደ ሥጋቶቹ እንሂድ።

የእንሰቱ ጉዳይ

የመጀመሪያው ሥጋት የባለማሳው ነው። እንሰት እንደ ጤፍ ወይም እንደ ስንዴ በየዓመቱ ተዘርቶ የሚታጨድ ሰብል አይደለም። ተተክሎ፣ ቦታው እየተቀያየረ አድጎ ለመፋቅ እስኪደርስ እንደ አየሩ ጠባይ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። በአንድ ጓሮ የዘንድሮ ችግኝ፣ የሦስት ዓመትና ለመፋቅ የደረሰ እንሰት ጎን ለጎን ይቆማሉ። ቆጮውና ቡላው ለምግብ፣ ቃጫው ለገመድ፣ ቅጠሉ ለከብት ይውላል፤ የከብቱ ፍግ ተመልሶ እንሰቱን ያሳድጋል። የያሆዴና የመሳላ በዓላት የሚከበሩበት ማዕድ ከዚሁ ጓሮ ይወጣል። እንግዲህ አንድ ጓሮ ሲነሣ እስከ ሰባት ዓመት የፈጀ ሥራ በአንድ ቀን ይነሣል።

ሕጉ ለገጠር ባለይዞታ ሁለት ነገር ያስባል። አንደኛው በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት የሚከፈለው ካሳ ነው። ሁለተኛው መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ሰው የሚከፈለው የልማት ተነሺ ካሳ ነው። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ይህ ካሳ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር የሚታሰበው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ግን ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 እንዲባዛ ደነገገ። መሻሻሉ ትልቅ ነው።

ነገር ግን «ዓመታዊ ገቢ» የሚባለው የእንሰት ጓሮ ውስጥ ሲገባ ይደናገራል። አብዛኛው ቆጮ ገበያ አይወጣም፤ ቤት ውስጥ ይበላል። ደረሰኝ የለውም። ገማቹ የሚሸጠውን ብቻ ከቆጠረ በ15 የሚባዛው ቁጥር ራሱ ከመነሻው ትንሽ ይሆናል። እንሰት የሚፍቁት ደግሞ ሴቶች ናቸው። በዓመት ስንት እግር እንደተፋቀ፣ ስንት ጉድጓድ ቆጮ እንደተቀበረ፣ ለስንት አፍ እንደበቃ ልቅም አድርጋ የምታውቀው የቤቱ እናት ናት። አባወራውን ብቻ ጠይቆ ቅጽ የሞላ ገማች ግማሹን መረጃ ጥሎ ሄዷል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፦ ገማች ሲመጣ እናቶች ከጓሮው አይራቁ፤ እንሰቱም በዕድሜው ተለይቶ ይቆጠር።

ካሳው በጥሬ ገንዘብ ሲከፈል የሚከተለውም አደጋ አለ። መሬት ለልጅ ልጅ ይተርፋል፤ ገንዘብ ግን ሠርግ፣ ሕክምናና የዋጋ ንረት ይጨርሱታል። ማሳ ያጣ ቤተሰብ ቀሪውን ብር ለደላላ ከፍሎ ልጁን ወደ ደቡብ ወደሚወስደው አደገኛ መንገድ ሊልክም ይችላል። ካሳ ተከፈለ ብሎ ጉዳዩን መዝጋት አይቻልም። ሥልጠና፣ ምትክ ቦታ፣ በሚሠራው ልማት ውስጥ የሥራ ዕድል መጀመሪያውኑ የውይይቱ አካል መሆን አለባቸው።

አንድ የእኛ አካባቢ የተለየ ችግር ልጨምር። ባለይዞታው ውጭ አገር ያለ፣ ማሳውን ወንድም ወይም አጎት የያዘለት ቤተሰብ በየቀበሌው አለ። የማስለቀቂያ ትእዛዝ ሲመጣ አቤቱታ የሚቀርብበት ጊዜ በዚሁ በአዋጅ 1161/2011 መሠረት 30 ቀን ነው። ውክልና ከፕሪቶሪያ ኤምባሲ ተረጋግጦ እስኪመጣ 30 ቀኑ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ውክልና መሠራት ያለበት ወሬው ሲሰማ እንጂ ትእዛዙ ሲደርስ አይደለም።

ቁልቁል ያለው ጎረቤት

ሁለተኛው ሥጋት የውሃ ነው። የእኛ ከተሞች ተዳፋት ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ ዝናባችንም ብዙ ነው። እስቲ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። በአንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 10 ሺህ ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። በአንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በ10 ሄክታር ላይ 3 ሚሊዮን ሊትር ይወርዳል። ቦታው የእንሰት ጓሮና ሣር ሲሆን ሥሩና ፍጉ ብዙውን ይመጠዋል። ቦታው ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶና ኮብልስቶን ሲሆን አብዛኛው ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ ቁልቁል ይሮጣል። ከላይ ቤት የሠራው ሰው ቦይ ባይሠራ የሚጎዳው እርሱ ሳይሆን ከታች ያለው ነው። የተቦረቦረ መሬት ዓይታችሁ ከሆነ ወደ ላይ ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ መፋሰሻ ያልተሠራለት መንገድ ወይም ሰፈር ታገኛላችሁ።

የመጠጥ ውሃውም እንዲሁ ነው። 500 ቤት ቢሠራ፣ በየቤቱ አምስት ሰው ቢኖር፣ አንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ቢጠቀም በቀን 125 ሺህ ሊትር ይፈለጋል። ይህ ውሃ ከየት ይመጣል? ነባሩ ሰፈር ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ከሆነ ፈረቃው ሊረዝም ነው? የመጸዳጃ ጉድጓዶቹስ ከታች ካለው ምንጭ ምን ያህል ይርቃሉ? እነዚህ የሚመለሱ ጥያቄዎች ናቸው። መሐንዲስ በቁጥር ሊመልሳቸው ይችላል፤ መመለስም አለበት። «ወደፊት ይሟላል» የሚለው ቃል ግን መልስ አይደለም። መጀመሪያ መንገድ፣ ቦይና የውሃ መስመር፣ ቀጥሎ ቤት ቢባል የሚጎዳ የለም።

ስብሰባው ላይ የሌሉት

አሁን ደግሞ ለእኛ ለነባሮቹ የሚጎመዝዝ ነገር ልናገር። የሰፈር ስብሰባ ሲጠራ የሚመጣው ቤት ያለው ነው። በአንድ ክፍል አራት ልጅ የሚያሳድገው ተከራይ፣ ገና ያገቡት ወጣቶች፣ ከሌላ ዞን ተመድቦ የመጣው ሠራተኛ፣ በቀን ሥራ የሚኖረው ሰው አይጠሩም። ቤቱ የሚሠራው ግን ለእነርሱ ነው።

ስለዚህ ሥጋታችንን ስናቀርብ ሁለት ዓይነት መሆኑን እንለይ። ጎርፍ፣ ውሃ፣ ካሳ፣ መንገድ፣ የልጆች ሜዳ፣ የመቃብር ቦታ መፍትሔ የሚበጅላቸው ሥጋቶች ናቸው። «ማናቸው የሚመጡት? መጤ ሊበዛብን ነው» የሚለው ግን መፍትሔ የሚፈልግ ሥጋት አይደለም፤ ሰውን መግፋት ነው። የእኛ ልጆች በአዲስ አበባ፣ በወንጂ፣ በደርባን የሰው ጎረቤት ናቸው፤ እዚያ እንዲደረግላቸው የምንፈልገውን እዚህ ማድረግ ይገባናል። ሁለቱን ከቀላቀልናቸው ደግሞ እውነተኛው ሥጋታችን ከሌላው ጋር አብሮ ውድቅ ይሆንብናል።

ሌላም አስቡ። ፕላኑ ቢቀር እንሰቱ ይተርፋል ብላችሁ አትታለሉ። ሕጋዊው ልማት ሲዘገይ ደላላው አይዘገይም። ባለማሳው ጨንቆት ቁራሽ ቁራሽ እያደረገ ሕጋዊ ባልሆነ ውል ይሸጣል፤ ገዢው በሌሊት የጨረቃ ቤት ያቆማል። ያ ሰፈር መንገድ የለው፣ ቦይ የለው፣ ካርታ የለው። ባለማሳው ካሳ አላገኘ፤ ገዢው ዋስትና አላገኘ፤ ከታች ያለው ጎረቤት ግን ጎርፉን አገኘ። ስለዚህ ልማቱን ማስቆም ራሱን የቻለ ድል አይደለም። ድል የሚባለው የተስተካከለ ፕላን ነው።

ሕጉ የሰጠን ወንበር

ብዙ ሰው ውይይት የባለሥልጣን ቸርነት ይመስለዋል። አይደለም። የኢፌዲሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየት እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። አንቀጽ 44 መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ተመጣጣኝ ካሳ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ እርሱን በቀጥታ በሚነኩ የአካባቢ ፕሮጀክቶች ዕቅድና አፈጻጸም ላይ ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ የመግለጽ መብት እንዳለው ያስቀምጣል።

ከሕገ መንግሥቱ ሥር ዝርዝር አዋጆች አሉ። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ እንዲደርስና የሚነካው ማኅበረሰብ አስተያየት እንዲካተት ያዝዛል። አዋጅ 1161/2011 ባለይዞታዎች መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነት፣ ጥቅምና ሂደት እንዲወያዩ ይላል፤ ለአስቸኳይ ኢንቨስትመንት ቢሆን እንኳ ጊዜው ከስድስት ወር እንዳያንስ። መልሶ እንዲለማ በተያዘ ቦታ ያሉ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በቡድን ራሳቸው የማልማት ቅድሚያ አላቸው። ካሳው ከመልቀቅ በፊት መከፈል አለበት። ከቀዬው ተነሥቶ ርቆ ለሚሄድ ሰው የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳም ታስቧል፤ ዕድሩን፣ ጎረቤቱን፣ ጸሎት ቤቱን ማጣት ጉዳት መሆኑን ሕጉ ራሱ አምኗል ማለት ነው።

ቅር ያለው ሰው ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል፣ ከዚያ ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያም ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ማሻሻያ ተደርጎበታል፤ ስለዚህ ጽሕፈት ቤት ስትሄዱ ማሻሻያውንና የክልሉን መመሪያ ጨምራችሁ ጠይቁ።

ዘግይቶ የመጣ ጥያቄ ምን ያስከፍላል?

ይህን በአገራችን ዓይተነዋል። የአዲስ አበባና የዙሪያው የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ለከተማው ዕድገት ተብሎ ተዘጋጀ፤ በዙሪያው ያለው አርሶ አደር ግን መሬቴን ላጣ ነው ብሎ ፈራ። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው ተቃውሞ በ2008 ዓ.ም. ተስፋፍቶ የብዙ ሰው ሕይወት ካለፈ በኋላ ፕላኑ በጥር 2008 መሰረዙ ተነገረ።

የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ51 ሺህ በላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ አወጣ፤ በኮዬ ፈጬ የተሠሩትም ከእነዚህ ውስጥ ነበሩ። ወዲያው በኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ ተነሣ፤ የክልሉ መንግሥትም ከአዲስ አበባ ጋር ያለው የወሰን ጉዳይ ሳይፈታ ቤቶቹ ለባለዕጣዎች እንዳይተላለፉ ጠየቀ። ለዓመታት የቆጠበው ባለዕጣ ቁልፍ ሲጠብቅ፣ ከመሬቱ የተነሣው አርሶ አደር ደግሞ ፍትሕ ሲጠብቅ ሁለት ድኻ ፊት ለፊት ተፋጠጡ። ጥያቄው አዲስ አልነበረም። መነሣት የነበረበት ግን ፎቁ ሳይቆም ነበር።

ሌሎች አገሮች ከዚህ ዓይነቱ ጣጣ መውጫ ፈልገዋል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው የመሬት ሕግ ለግል ኩባንያ መሬት ሲወሰድ ከሚነኩት ቤተሰቦች የ80 በመቶው፣ መንግሥትና የግል ባለሀብት በጋራ ለሚሠሩት ደግሞ የ70 በመቶው ፈቃድ እንዲገኝ አዘዘች። ጃፓን ከከተማ መሬቷ ሲሶ ገደማ የሚሆነውን ያለማችው ባለመሬቶችን ሳታስነሣ ነው፦ ገበሬዎቹ ማሳቸውን አንድ ላይ ያደርጋሉ፤ ለመንገድና ለመናፈሻ ድርሻ ይሰጣሉ፤ ቀሪው መንገድና ውሃ ገብቶለት ይመለስላቸዋል። መጠኑ ያንሳል፤ ዋጋው ግን ይጨምራል። በእኛ ሕግ ያለው በቡድን የማልማት ቅድሚያ ወደዚህ ዓይነት መንገድ በር የሚከፍት ነው። በሩን የሚያንኳኳ ማኅበር ነው የጎደለው።

ከዛሬ ጀምሮ የሚሠራ ሥራ

በመጨረሻ ወደ ተግባር እንምጣ። ወሬው ሲሰማ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ አራት ነገር ጠይቁ፦ ቦታው በመዋቅራዊ ፕላኑ ላይ ለምን አገልግሎት ተመድቧል? የሰፈር ልማት ፕላኑ ጸድቋል ወይስ ረቂቅ ነው? የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ተሠርቷል? የካሳው በጀት ተይዟል? መልሱን በቃል አትቀበሉ፤ በደብዳቤ ጠይቁ፤ ደብዳቤውም መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠው።

ቀጥሎ ከዕድሩ ኮሚቴ ምረጡ። ባለማሳ፣ ከታች ያለ ነዋሪ፣ ተከራይና ቢያንስ ሁለት እናቶች ይኑሩበት። ጎርፍ የሚሄድበትን ቦታ በክረምት ፎቶ አንሡ። ምንጮችን፣ የመቃብር ቦታዎችን፣ የእግር መንገዶችን በንድፍ ላይ አመልክቱ። እንሰቱን፣ ቡናውን፣ ባሕር ዛፉን በዕድሜ ለይታችሁ ቁጠሩ። ስብሰባ ሲጠራ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ የተቃወማችሁት ነገር ሳይጻፍ አትፈርሙ። የአበል ወረቀት ላይ የሰፈረ ፊርማ «ሕዝቡ ተስማምቷል» ተብሎ ሊቀርብ አይገባም።

በዚህ አዳራሽ ላላችሁ የከተማ አመራሮችና ባለሙያዎችም አንድ ቃል አለኝ። ረቂቁን ከመጽደቁ በፊት በቀበሌው ግድግዳ ላይ፣ በአማርኛም በሀዲይኛም በከምባትኛም፣ ከነሥዕሉ ለጥፉት። ስብሰባውን ገበያ ባልሆነ ቀን፣ እናቶች በሚመቻቸው ሰዓት አድርጉት። የተነሣውን ሥጋት ዘርዝራችሁ የተቀበላችሁትንና ያልተቀበላችሁትን ከነምክንያቱ በጽሑፍ መልሱ። ይህን ማድረግ ሥራ ያዘገያል የሚል ካለ፣ በኮዬ ፈጬ የጠፋውን ጊዜ ይቁጠር።

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ ከተማችን ማደጉ አይቀርም፤ ማንን ጎድቶ፣ ማንን አካቶ ያድጋል የሚለው ግን ገና አልተወሰነም። የሚወሰነውም በፕላን ረቂቅ ላይ ነው። ስለዚህ በሰፈራችሁ ዳር ችካል የያዘ ቀያሽ እስክታዩ አትጠብቁ፤ ነገ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ረቂቁን ጠይቁ።